የማንኩሳው ሕፃንና የስእለቱ ዕዳ

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ መጽሐፍ በአገራችን እጅግ ብዙ አንባቢ ካገኙት መጻሕፍት አንዱ ነው። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው ሰምቶ፥ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ስም እንደ ዘመድ ስም ያውቀዋል። ስለ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ተጽፏል። የሚበዛው ግን ስለ ሁለቱ ወጣቶች ፍቅር፥ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፥ ስለ ጉዱ ካሣም አነጋገር ነው። እኔ በዚህ ገጽ ልናገርበት የወደድሁት ነገር ሰብለ ወንጌል ገና ሳትታይ የሚሆነው ነው፤ ይኸውም በማንኩሳ አገር አንድ ሕፃን ታሞ፥ አባቱና እናቱ ከሞት ለማዳን ያደረጉት ነገር ነው። አንባቢዎች ይህን ክፍል እንደ ቤት ደጃፍ ቈጥረው ፈጥነው ያልፉታል፤ ዳሩ ግን ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነው የመጽሐፉ ነገር ሁሉ የሚፈልቀው ከዚሁ ነው።

ማንኩሳ በደራሲ ልብ ብቻ የተፈጠረ አገር አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ዛሬ በመኪና ተቀምጦ፥ ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ በማይሞላ ጊዜ የሚደርስበት፥ በቆሎና ዳጉሳ፥ ጤፍና በርበሬ የሚበቅልበት የምዕራብ ጎጃም አገር ነው። ምድሩ ለም ነው፤ ውሃውም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያው ውሃ ከቈላው ሙቀት ጋር ሲገናኝ የወባን ትንኝ ያረባል። ደራሲው በደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፥ ቅኔ ፍለጋም ከደብር ወደ ደብር የዞሩ ሰው ስለ ነበሩ፥ የተማሪውን አኮፋዳና የባላገሩን ጎጆ በወሬ ሳይሆን በዐይናቸው ያውቁታል። ስለዚህ የማንኩሳን ቤተ ሰብ የሚነግሩን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተኛ ነው።

መጽሐፉ የወጣበትንም ዘመን ማሰብ ይገባል። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ፥ ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ እንደ ታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ፈንጣጣም ቢሆን ከአገራችን የጠፋው መጽሐፉ ከታተመ ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። እንግዲህ መጽሐፉን በመጀመሪያ ገዝቶ ያነበበው ሰው ሕፃን በትኩሳት ሲቃጠል ማየት ምን እንደ ሆነ ከደራሲ መማር አላስፈለገውም፤ ከእኅት ወንድሞቹ መካከል በሕፃንነት የተቀበረ ያልነበረው ጥቂት ነውና። ለዚህም ምስክሩ የራሳችን ስም ነው። ምትኩ፥ ካሣ፥ ማስረሻ እያልን ከምንጠራቸው ሰዎች ብዙዎቹ በሞተ ልጅ ፋንታ የተወለዱ ናቸው። (ደራሲው አስበውበት ይሁን ሳያስቡት፥ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እውነት የሚናገረው ሰው ስሙ ካሣ ነው።)

ታሪኩን ለረሳው አንባቢ በአጭሩ ላስታውስ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ባልና ሚስት ናቸው፤ በዛብህ ልጃቸው ነው። ልጁ በሕፃንነቱ ሕመም እየደጋገመው ለሞት ይቀርባል። በዚያ ዘመን በማንኩሳ ያለ ቤተ ሰብ በእጁ ምን ነበረው? ጠበል ነበረው፤ ቅጠልና ሥር የሚያውቅ መድኃኒተኛ ነበረው፤ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ ነበረው፤ ጎረቤትም ነበረው። ጎረቤትን በመጨረሻ መጥራቴ ከሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ አይደለም፤ ልጅ በታመመበት ቤት እንጀራውን የሚጋግር፥ ከብቱን የሚያግድ፥ ሌሊት ተራ ገብቶ ከታማሚው ራስጌ የሚቀመጥ እርሱ ነውና። ሐኪም ግን አልነበረም። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ለወላጅ የሚቀረው ነገር ቃሉ ብቻ ነው፤ ስእለት ማለትም በባዶ እጅ የሚሰጥ ቃል ነው።

ስእለት በአገራችን የታወቀ ነገር ነው። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፤ ሻማና ዕጣን፥ መጋረጃና ምንጣፍ ይሳላል። ታኅሣሥ 19 ቀን በቁልቢ ገብርኤል የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ ስእለታቸው ደርሶ የወለዱ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ለክርስትና ሲያመጡ አይቷል። ቦጋለና ውድነሽ ግን የተሳሉት ጃንጥላ አይደለም። ልጁ ከዚህ ሕመም ቢድን እርሱን ራሱን፥ ከነዕድሜው፥ ጋብቻ ሳያውቅ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ሰጡት። ልጁም ዳነ።

እዚህ ላይ የደራሲው ታላቅ ብልኀት ይታያል። ስእለቱ ሲነገር በወላጆቹ ላይ አይሥቁም፤ አያመሰግኗቸውምም። አንድ ልጅ ሊሞት ነው፤ አባቱና እናቱ ያላቸውን ውድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ከልጁ የሚበልጥ ውድ ነገር ግን በቤታቸው የለም፤ ስለዚህ ልጁ እንዲቀርላቸው ልጁን ይሰጣሉ። የነገሩ ጭንቅ በዚህ ውስጥ ነው። ልጃቸውን ያጡ ዘንድ የፈሩ ወላጆች፥ ልጁን ለማትረፍ ሲሉ በሌላ መንገድ አጡት፤ በሕይወት ይኖራል፥ ነገር ግን የልጅ ልጅ አያሳያቸውም፤ ርስታቸውንም የሚተካበት ዘር አይኖረውም። ባላገር ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ዋጋ አይደለም። ወላጆቹ ዐውቀው ከፈሉት።

ስለዚህ ክፍል ሰዎች ሲከራከሩ ሁለት ዐይነት አሳብ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ከመጽሐፉ የራቀ ይመስለኛል። አንደኛው ወገን «ይህ የድንቁርና ሥራ ነው፤ ሐኪም ቢኖር ስእለቱ ባልተደረገ ነበር» ይላል። ይህ አሳብ የዛሬን ሰው አላየም። ዛሬ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ሆስፒታል አላቸው፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እስከ ቀበሌው ድረስ ይደርሳሉ። ሆኖም በሆስፒታሉ በር ተቀምጣ የልጅዋን የደም ምርመራ ውጤት የምትጠብቀውን እናት ብትጠይቋት፥ በከንፈርዋ ውስጥ ስእለት አለ። ስእለት የሐኪም መጥፋት ብቻ የሚወልደው ነገር አይደለም፤ የሐኪሙም እውቀት የሚደርስበት ወሰን ስላለው፥ ከወሰኑ ወዲያ ያለው ፍርሀት የሚወልደው ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ደራሲው ይህን የጻፉት የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት ለማሳጣት ነው» ብሎ ይቈጣል። ይህም አይደለም። ሕፃኑን ከወላጆቹ የጠየቀ ካህን የለም፤ ዋጋውን የቈረጡት ራሳቸው ወላጆቹ ናቸው። ደራሲው የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ስእለት ሲሳል የሚከፍለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመዘን የማንኩሳን ቤት ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፤ ደራሲውም የዚያ ትምህርት ልጅ ናቸውና ሳያስቡት አይቀርም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ሐና ልጅ ከመፀነስዋ በፊት ትሳላለች፤ ጡት ካስጣለችውም በኋላ ሳሙኤልን በሴሎ ለኤሊ ትሰጣለች። ላይ ላዩን ሲታይ የውድነሽ ሥራ የሐና ሥራ ነው። ነገር ግን ሐና የተሳለችው ባልተወለደ ልጅ ነው፤ ያለ ስእለቱ ሳሙኤል አይኖርም ነበር። በዛብህ ግን አስቀድሞ አለ፤ ስም አለው፤ እናቱን በፊትዋ ያውቃል። ከዚህ ሌላ ሳሙኤል ገና ብላቴና ሳለ ሌሊት በስሙ ተጠርቶ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ የእናቱን ስእለት በገዛ አፉ የራሱ አደረገው። በዛብህ እንዲህ ያለ ሌሊት አላገኘም። በሌላው ጫፍ ደግሞ የዮፍታሔ ነገር አለ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው አባቲቱ ተሳለ፥ ከፋይዋም ልጂቱ ሆነች። የማንኩሳው ሕፃን የቆመው በሳሙኤልና በዮፍታሔ ልጅ መካከል ነው፤ ደራሲውም ወዴት እንዳዘነበለ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ያውቀዋል።

ካህናት አንባቢዎቼ ደግሞ የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 27 ያስታውሳሉ ብዬ አምናለሁ። በዚያ ሰው ሰውን ለእግዚአብሔር ሲሳል በብር መቤዠት እንዲቻል ተጽፏል፤ ከአንድ ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ወንድ ልጅ 5 ሰቅል፥ ከ5 እስከ 20 ዓመት ላለው 20 ሰቅል፥ ከዚያ በላይ እስከ 60 ዓመት ላለው 50 ሰቅል። ድኻም ቢሆን ካህኑ የተሳለውን ሰው ዐቅም ተመልክቶ እንዲገምትለት ታዝዟል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30ም በአባትዋ ቤት ያለች ልጅ ብትሳል፥ አባትዋ በሰማበት ቀን ስእለትዋን ሊያፈርሰው ይችላል። በወንጌል ዘመን ያለ ሰው በሰቅል ይመዘን ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ የጥንት ሕግ እንኳ በጭንቅ ሰዓት የተነገረ ቃል ከሰው ዐቅም በላይ ሊሆን እንደሚችል ዐውቆ መውጫ በር ትቶለት ነበር። ለሕፃን በአባትና በእናት አፍ ለተነገረው ስእለት ግን በሩን ማን ይከፍትለት? መጽሐፉን ባነበብሁ ቍጥር ይህ ጥያቄ ይመለስብኛል፤ ስለ ጋብቻና ስለ ባላባትነት ከተነሡት ጥያቄዎች ይልቅም ይከብደኛል።

እንግዲህ ካመሰገንሁ ዘንድ ጉድለቱንም ልናገር። ክፍሉ ከመጽሐፉ ስፋት ጋር ሲመዘን እጅግ አጭር ነው፤ ደራሲው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ለመድረስ የቸኰሉ ይመስላል። ሕመሙን የምናየው በወላጆቹ ዐይን ነው፤ የሕፃኑን ፍርሀት ግን ከሕፃኑ ለመስማት እንወድ ነበር። ይህ ጉድለት የመጣው ከቦታ ጥበት አይደለም፤ በጥቂት ቃል ብዙ መናገር ይቻላልና። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ስለ ሱናማዊቱ ልጅ የተነገረውን ተመልከቱ። ሕፃኑ በመከር ጊዜ ወደ አባቱ ወደ እርሻው ይሄዳል፤ ራሱን ታሞ ወደ አባቱ ይጮኻል፤ አባቱም ብላቴናውን ጠርቶ ወደ እናቱ እንዲወስደው ያዘዋል፤ ልጁ እስከ ቀትር በእናቱ ጕልበት ላይ ተቀምጦ ይሞታል። እናቲቱም ሬሳውን በነቢዩ አልጋ ላይ አስተኝታ፥ በሩን ዘግታ፥ አህያ አስጭና ትገሰግሳለች። ይህ ሁሉ የሚነገረው በጥቂት ቍጥር ነው። ሕፃኑ ራሱን እንዳመመው ከመጮኹ በቀር ሌላ አይናገርም፤ ያችም ጩኸት ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ቈይታ አሁንም ትሰማለች። አባቱ ሥራውን ሳይተው ልጁን ወደ እናቱ መላኩ፥ እናቱ ለማንም ሳትናገር በሩን መዝጋትዋ፥ የሁለቱን ጠባይ ያለ ማብራሪያ ይነግረናል። እንዲህ ያለ አንድ ነገር፥ አንድ ጩኸት ወይም አንድ የተዘጋ በር፥ በማንኩሳው ቤት ብናገኝ፥ በኋላ በዛብህ የተሸከመው ዕዳ ከየት እንደ መጣ በጆሯችን እንሰማው ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። በቤት ውስጥ ሰው ሲታመም የወንዱና የሴቲቱ ሥራ አንድ አይደለም። አባት ወደ ጠበሉ ይሸከማል፥ መድኃኒተኛ ይፈልጋል፥ እህል ይሸጣል፤ እናት ግን ከታማሚው አጠገብ አትነሣም፤ ሰውነቱን በእጅዋ እየዳሰሰች ትኩሳቱን ትለካለች፤ ውሃ በጣትዋ ከንፈሩ ላይ ታደርጋለች፤ እንቅልፍም የላትም። ስእለት ከዚህ እንቅልፍ ማጣት ይወጣል። ውድነሽ ስእለቱን ስትሳል ስንት ሌሊት እንዳልተኛች ብናውቅ፥ ስለ ስእለቱ የምንፈርደው ፍርድ ይለሰልስ ነበር። የዛሬ ደራስያን ከዚህ ክፍል የሚወርሱት ሥራ ቢኖር ይኸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ ከማንኩሳ አልወጣም።

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር የተነሣ፥ ልጁ በደም ካንሰር የተያዘበትን ገበሬ እናስብ። ይህ በሽታ እንደ ወባ በጥቂት ቀን ክኒን የሚለቅ አይደለም፤ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየውን ዐይነት ማከም ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል። ለሕፃናት ካንሰር የተለየ ሕክምና የሚገኘው እንደ ጎንደር፥ ጅማና መቀሌ ባሉ ጥቂት ከተሞች፥ ከሁሉም አስቀድሞ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። አባት በሬውን ሸጦ የመኪና ዋጋ ይከፍላል፤ እናት ሌሎቹን ልጆች ለአያታቸው ትታ በማታውቀው ከተማ ትከርማለች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙ ጊዜ መንገዱን ስለሚዘጋ፥ የሕክምናው ቀን በመንገድ ላይ ያልፋል። በቤት የቀሩት ልጆችም ከትምህርት ይቀራሉ። አያት፥ አጎት፥ ዕድር፥ የንስሐ አባት፥ ሁሉም በአንድ ሕፃን ዙሪያ ይቆማል። ይህ ሁሉ ዕለት ዕለት የሚሆን ነው፤ በልብ ወለዳችን ግን ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ቢታይም ሕፃኑ ለአዋቂዎቹ ታሪክ ምክንያት ሆኖ ያልፋል እንጂ የታሪኩ ባለቤት አይሆንም።

ስእለትን ወላጅ በራሱ ላይ ሊያደርገው እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ በአዲስ አበባ አለ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበር ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር በሕፃንነቱ ከሞተ ልጅ ነው፤ ያቋቋሙትም ወላጆቹ ናቸው። ልጃቸው አልዳነም፤ ሆኖም ለሌላው ሰው ልጅ የሚሆን ሥራ ጀመሩ። ይህን የማነሣው ቦጋለንና ውድነሽን ለመንቀፍ አይደለም፤ በማንኩሳ ማኅበር ማቋቋም አይቻልም ነበር። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጽሐፉን ጥያቄ ይበልጥ ያጠራዋል። በዚህኛው ቤት ዕዳው በወላጆቹ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ በማንኩሳው ቤት ግን ዕዳው የዳነው ሕፃን ትከሻ ላይ ወደቀ፥ ሕፃኑም ዕዳውን ይዞ አደገ።

የዕዳውንም እድገት ደራሲው እጅግ አሳምረው ነግረውናል። በዛብህ ተምሮ፥ በዲማ ጊዮርጊስ ታውቆ፥ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት በገባ ጊዜ፥ በመካከላቸው የቆመው የትውልድ ነገር ብቻ አልነበረም። ፊታውራሪ በውጭ የቆሙ አጥር ናቸው፤ ስእለቱ በውስጥ ያለ አጥር ነው። የውጭውን አጥር ለመዝለል ድፍረት ይበቃል፤ የውስጡን ለመዝለል ግን በሕይወት መኖሩ ራሱ በሌላ ሰው ቃል የተገዛ መሆኑን መርሳት ያስፈልገዋል። ብዙ አንባቢዎች በዛብህን ፈሪ ይሉታል። እኔ እንዲህ አልልም፤ ገና በሕፃንነቱ ሞቶ እንደ ተመለሰ የተነገረው ሰው፥ እያንዳንዱን ደስታ እንደ ብድር ቢቈጥረው አያስደንቅም። ለረጅም ጊዜ ታመው የዳኑ ልጆች ያሉት ወላጅ ይህን ዝምታቸውን ያውቀዋል።

በመጨረሻም ያ በማንኩሳ ከሞት የተረፈ ሰውነት እንደ ገና ከአልጋ ይወድቃል፤ በዚህ ጊዜ በራስጌው የምትደርሰው ሰብለ ወንጌል ናት። በመጀመሪያው አልጋ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ለልጁ ሕይወት ሲሉ ጋብቻውን ሰጡ፤ በሁለተኛው አልጋ አጠገብ ያለችው ግን የምትሰጠው ነገር አልቀራትም። ከሞቱ በኋላ መነኰሰች። ብዙዎች ይህን የፍቅርዋ ታማኝነት ምልክት አድርገው ያነቡታል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የመጽሐፉን መጀመሪያ ያልረሳ አንባቢ ሌላም ነገር ያያል፤ ከጋብቻ ርቆ በእግዚአብሔር ቤት መኖር በዛብህ ይከፍለው ዘንድ ከወላጆቹ የተቀበለው ዕዳ ነበር፤ እርሱ ሳይከፍለው ሞተ፤ የከፈለችውም ስእለቱ በተነገረበት ሌሊት በማንኩሳ ያልነበረች፥ ስእለቱንም ያልሰማች የሌላ ቤት ልጅ ናት።